የድሬሰሩ ዘጠኝ ገጾች

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጸሐፊ የምባል ሰው አይደለሁም። ማንበብ የተማርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እሱም የታተመውን ፊደል እንጂ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ዛሬም ያስቸግረኛል። አንድ ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ ጽፌ ስጨርስ ደግሞ አፍርና እቀደዋለሁ። ይሄንን ሦስት ጊዜ ቀድጄ አራተኛውን እንደ ምንም ተውኩት።

ለምን ደፈርሽ ብትሉኝ፣ አንድ መጽሐፍ አለ። መግቢያው መጨረሻ ላይ «ሰባተኛው ምዕራፍ በደራሲው በራሳቸው ፈቃድ ወጥቷል» የሚል መስመር ታትሞበታል። ያ መስመር እውነት አይደለም። እውነት አለመሆኑን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዳችን አርፈዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

መጽሐፉን የጻፉት ሰው ድሬሰር ነበሩ። ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥቡ፣ ፋሻ የሚጠመጥሙ ማለት ነው። ስለ እሳቸው ከመጻፌ በፊት ግን ከእሳቸው ጋር ምን እንዳገናኘኝ ልናገር፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

የምሠራው መጽሐፍ አሳታሚ ቤት ነው። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ደረጃው ስልሳ ሁለት ነው፣ በየቀኑ ስለምወለውለው አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት ጽዳት ብቻ ሠራሁ። ከዚያ ተላላኪው ጡረታ ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና «የእጅ ጽሑፍ ታነቢያለሽ?» አሉኝ። «አነባለሁ» አልኩ። አይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። አድራሻ ለመለየት የሚበቃኝ ያህል ነበረኝ፣ ሌላውን ቀስ እያልኩ እማረዋለሁ ብዬ ነው። ልጆች አሉኝ፣ አባታቸው የለም፣ ሌላ ምን ልበል። እንዲህ ሆኜ ጠዋት እወለውላለሁ፣ ከሰዓት እላላካለሁ።

የተላላኪው ሥራ ቀላል ነው። ደራሲ ረቂቁን ያመጣል። አርታኢዋ ያነቡታል፣ በእርሳስ እርማት ያደርጉበታል። እኔ በካኪ ፖስታ አድርጌ ለደራሲው እወስድለታለሁ፣ በመረከቢያ ደብተሬ ላይ አስፈርመዋለሁ። በአሥረኛው ቀን ሄጄ እመልሳለሁ። አርታኢዋ በእድሜ ገፋ ያሉ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ጽሑፋቸው ደቃቅ ነው። የበሩ ጥበቃ ሲቀልድ «እትዬ ጉንዳን ቀለም ውስጥ ነክረው ነው ወረቀት ላይ የሚለቁት» ይል ነበር።

ደራሲ እርማቱን ሲቀበል የሚሆነውን እኔ ያላየሁት የለም። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ፖስታውን በሩ ላይ እንደ ቆሙ ነው የሚቀዱት። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ደም ሥራቸው ይገተራል። «እኔን? እኔን ልታርም? እያት፣ እያት እንዴት እንዳሰመረችብኝ! ቆረጠችኝ እኮ!» እያሉ መስመሩን አፍንጫዬ ሥር ያመጡታል። ከዚያ በእያንዳንዱ እርማት አጠገብ በአረንጓዴ እስክሪብቶ መልስ ይጽፋሉ። በአሥረኛው ቀን ስሄድ ግን አብዛኛውን ተቀብለውታል፣ ያውም መጀመሪያም የራሴ ሐሳብ ነበር እያሉ። አንዲት ግጥም የምትጽፍ ልጅ ደግሞ አለች፤ ጨርሶ አትከፍተውም። ትራስ ሥር ታደርገውና ውሃ ልስጥሽ ትለኛለች፣ ስለ ዝናብ ታወራኛለች። አንድ ጠበቃ ፖስታውን በእጃቸው እንደ ሥጋ መዘን አድርገው «ከብዷል» ብለው ብቻ ይገባሉ።

ሁሉም ግን አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ስታነብ ፊቷ እንዴት ነበር? ሳቀች ወይ? መሀል ላይ አስቀመጠችው ወይስ በአንዴ ጨረሰችው? እኔ ምን አውቄ። ለሁሉም «ደህና ነበሩ» ነው የምለው። በሥራዬ ዘመን ይህን ያልጠየቁኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ደግሞም ልመልስ የምችለው ለእሳቸው ብቻ ነበር።

ድሬሰሩ የሚኖሩት የጋራ ግቢ ውስጥ፣ ከተደረደሩት ክፍሎች መጨረሻው ላይ ነው። አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ ዝቅ ያለች ዱካ መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ የሚስታቸው ፎቶ። ቤቱ ሳሙናና አልኮል ይሸታል። ረጅም ሰው ነበሩ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ጥፍራቸው እስከ ሥጋው የተቆረጠ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ የሸሚዛቸው እጅጌ ግን ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው ድረስ እንደ ተሰበሰበ ነው። የጠመዝማዛ ደረጃና የሆስፒታል ኮሪደር ጉልበታቸውን ጨርሶት ያለ ምርኩዝ ከግቢው አይወጡም። አንዱ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ሁለተኛውም እየተከተለው ነበር።

የግቢው ሰው እጁን ሲቆረጥ፣ ብጉንጅ ሲወጣበት ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። «ዶክተር» ሲሏቸው ይቆጣሉ። «ዶክተሩ ሌላ ነው። ዶክተሩ ያዛል፣ እኔ እጠመጥማለሁ» ይላሉ። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠሩት። የበሽተኛው ካርድ አልጋው ግርጌ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሐኪሙ የታዘዘውን ይጽፍበታል፣ እሳቸው አንብበው ያደርጋሉ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ካርዱ ላይ የሌለ ነገር አድርጌ አላውቅም፣ ያለውንም ትቼ አላውቅም ብለው ነገሩኝ። እንደ ጉራ አልነበረም። እኔ ደረጃው ስልሳ ሁለት ነው እንደምለው ነው ያሉት።

ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ዓይናቸው ሳይጠፋ ብለው መጻፍ ጀመሩ። አራት ደብተር፣ በትልልቅ ፊደል፣ በገዛ እጃቸው። ስለ በሽተኞች ነው፣ ስለ ሌሊት ተረኞች፣ ሰው ሲድንም ሲሞትም ስለሚያወራው ነገር። ሌላ ግልባጭ የለውም። አብራቸው የሠራች ነርስ ናት ወደ እኛ ያመጣችው፣ እሳቸው ፎቁን መውጣት ስለማይችሉ።

እትዬ አራተኛውን ደብተር ሲያነቡ እኔ ቢሮው ውስጥ ወለል እየወለወልኩ ነበር። በመሀል ተነሱና መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ቆዩ። ተመልሰው ተቀመጡና ጥቂት ገጽ እንዳነበቡ እንደገና ተነሱ። እኔ በልቤ «የእኒህ ሰውዬ ነገር አለቀለት፣ እትዬን እንዲህ ያናደደ ደራሲ የለም» አልኩ። ከዚያ ተመልሰው ማስመሪያ አነሱ። እርማት ሲያደርጉ ማስመሪያ ይዘው አላውቅም። በሰባተኛው ምዕራፍ ዘጠኝ ገጾች ዳርና ዳር ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት ሁለት ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ቃሉን አልነኩትም፣ ዳሩን ብቻ።

ሌላ ጊዜ የምልክቶቹን ትርጉም ደራሲው ቢሮ ሲመጣ አስቀምጠው በቃል ነው የሚያስረዱት፤ ምልክቶቹ የራሳቸው ናቸው፣ የሌላ አርታኢ አይደሉም። ድሬሰሩ ግን መምጣት አይችሉም፣ ስልክም የላቸውም። ስለዚህ እትዬ ግማሽ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ደብተሩ ላይ በስፒል አያይዘው ሰጡኝ። «ከሁሉ በፊት ይህቺን ያንብቡ በያቸው» አሉኝ። «እሺ እትዬ» አልኩ።

የወሰድኩላቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ፖስታውን ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን ታጠቡ። ጣታቸውን አንድ በአንድ አደረቁ። ዱካዋን ወደ በሩ ብርሃን ጎትተው ተቀመጡና ደብተሮቹን አንድ በአንድ፣ ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው ገለጡ። እኔ ቆሜ ስድቡን እጠብቃለሁ፣ ለምጃለሁ። እሳቸው ግን እንዲያው ሰው ሲታመም እንደሚያዩት ነው ያዩት፣ የቱ ጋ እንደ ቆሰለ።

ከዚያ ወረቀቷን ፈቱና ወደ ዓይናቸው አመጧት። ራቅ አደረጓት። መልሰው አስጠጓት።

«የራሴ ጽሑፍ ይታየኛል፣ መስመሩም ይታየኛል። ይቺ ግን ደቃቅ ሆነችብኝ። ልጄ፣ አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፣ ትዕዛዙን አንብቢልኝ» አሉኝ።

ትዕዛዝ ነው ያሉት።

ወረቀቷን ተቀበልኩ። ጉንዳኖቹ ተራወጡብኝ። ያን ጊዜ «አባባ፣ የእጅ ጽሑፍ አልችልም» ብል ምን ነበረ? አንድ ትንፋሽ ነው። ግን «የቢሮ ሰው ነሽ» ብለውኛል። ከንፈሬን እንደሚያነብ ሰው አንቀሳቀስኩ። አንዳንዱን እትዬ ለሌላ ደራሲ ሲያስረዱ ሰምቼዋለሁ፣ እሱን በቃሌ አልኩት። የተከበበው ያጣሩት ነው አልኩ፣ ልክ ነበርኩ። የሚወዛወዘው መስመር ያለበትን ያስተካክሉት ነው አልኩ፣ እሱንም ልክ ነበርኩ። ሁለቱ ልክ ሲሆኑልኝ ትንሽ ተነፈስኩ።

«እነዚህስ?» አሉ። አራተኛውን ደብተር ገልጠው ጣታቸውን ዳሩ ላይ አደረጉ። «ሁለቱ መስመሮች?»

መምህሩ ትዝ አሉኝ፣ አሰመረችብኝ ቆረጠችኝ ያሉት። እትዬም ማስመሪያ ይዘው ትዝ አሉኝ፣ ሁለት ጊዜ በንዴት ተነስተው።

«እሱ… ይውጣ ነው የሚለው» አልኩ።

«ዘጠኙም ገጽ?»

«ዘጠኙም።»

በአውራ ጣታቸው መስመሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፣ እብጠት የት ድረስ እንደ ሄደ እንደሚያይ ሰው። ያን ጊዜ «ፊታቸው እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ያየሁትን እነግራቸው ነበር። ሲያነቡ ሁለት ጊዜ ተነስተው መስኮት ጋ ቆሙ ብላቸው፣ አርባ አንድ ዓመት ሰው ቆሞ ሲያለቅስ ያዩ ናቸው፣ ከእኔ ይልቅ ይገባቸው ነበር። አልጠየቁኝም። ካርድ ላይ የተጻፈን ነገር ሐኪሙ ፊቱን አጥቁሮ ይጻፈው ፈክቶ ይጻፈው እሳቸው ጠይቀው አያውቁም።

«እሺ። የታዘዘው ይደረጋል» አሉ።

ፈረሙልኝ። ግቢውን ስወጣ ሳልታወቅ አለፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄንን መጻፍ ከሁሉ ከብዶኛል ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለ፣ ውስጡ በጥላሸት ጠቁሯል። ልብ አላልኩትም። ደብተሮቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አዘጋጅተው ነው የጠበቁኝ። ሁሉንም አድርገዋል፦ የተከበበውን አጣርተዋል፣ የተወዛወዘውን አስተካክለዋል፣ በዚያ ዓይን። ጠረጴዛው ላይ የፋሻ መቀሳቸው አለች፣ አፏ ጎበጥ ያለችው። አራተኛው ደብተር ሳስቶ ስላየሁት፣ ምን አስጠየቀኝ እንጃ፣ «ዘጠኙን ገጾች ምን አደረጓቸው አባባ?» አልኩ።

«አነሳኋቸው። ከስፌቱ ሳላበላሽ ነው የቆረጥኩት፣ እያት።»

«የት አስቀመጧቸው?»

እንደ አላዋቂ አዩኝ። «የተነሳ ፋሻ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ልጄ። ተነሳ ማለት በዚያው ቀን ይቃጠላል። ደንብ ነው» አሉኝ።

ይውጣ ተብሏል፣ ወጥቷል ብዬ ተሸክሜ ሄድኩ።

እትዬ ጨርቁን ፈትተው ቀጥታ አራተኛውን ደብተር ነው ያነሱት፣ እንደ ናፈቀ ሰው። ገለጡ። ወደ ኋላ ገለጡ። ፖስታውን አራገፉት። ጠረጴዛው ሥር አዩ።

«ዘጠኙ ገጽ የታለ?»

«ቆርጠው አወጡት እትዬ» አልኩ።

«ማን?»

«እሳቸው።»

«አምጪዋ ታዲያ፣ የቆረጡትን።»

«አቃጥለውታል» አልኩ። ሁለተኛ አስደገሙኝ።

ተቀመጡ። እርሳሳቸውን አነሱ፣ አስቀመጡ። እኔ መወልወያዬን ይዤ እንደ ግንድ ቆሜያለሁ። ከዚያ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ መናገር ጀመሩ። በዚያ ምዕራፍ የተጻፈው ስለ ሚስታቸው ነው አሉ። ሚስትየው ቤት ተኝተው ሲታመሙ ጀርባቸው ቆስሎ ነበር፣ ድሬሰሩ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እያጠቡ ይጠመጥሙላቸው ነበር፣ ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ብሎ ስላዘዘ። በመጨረሻው ቀን ማታ ሚስትየው «ዛሬ ተወው፣ ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ» አሏቸው። ድሬሰሩ ግን ታዝዟል ብለው ውሃውን አሙቀው፣ ቁስሉን አጥበው፣ ፋሻውን ጠምጥመው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ሚስትየው አርፈዋል።

እትዬ ይህን ተናግረው ወደ መስኮቱ አዩ። አልተነሱም።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልጨመርኩበትም። አይንኩት ብዬ ነው ሁለት መስመር ያሰመርኩት» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ፈሩ ማለት ነው። ደራሲ እንዲህ ነው፤ አበላሸህ ስትዪው ይጣላሻል፣ አማረልህ ስትዪው ይደነግጣል» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። «ደብተሮቹን መደርደሪያው ውስጥ ክተቻቸው» ሲሉኝ ድሬሰሩ ወረቀቷን በስፒሉ መልሰው እንዳያያዟት አየሁ። አውጥቼ ኪሴ ከተትኳት።

በምሳ ሰዓት ጥበቃው ጋ፣ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ማታ ትምህርት አብረን ነው የገባነው፣ እሱ በልጦኛል። ንባብ እየተለማመድኩ ነው አልኩት። አንድ አንድ ፊደል እየለቀምን አነበብናት። የመጨረሻዎቹ መስመሮች እንዲህ ይላሉ፦ «ዳር ላይ ሁለት መስመር ያለበትን አይንኩት። እኔም አልነካሁትም። እያነበብኩ ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቻለሁ።»

«ኧረ እትዬ ሰው ያመሰግናሉ እንዴ!» ብሎ ሳቀ ጥበቃው። ፊቴን አይቶ ሳቁን አቋረጠው። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፣ ምሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። አልበላሁም።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ደብዳቤ ጻፉ። መጽሐፉ ከሦስት ቀን በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ምዕራፉን ለምን እንዳወጡት፣ ግልባጭ ካላቸው ወይም እንደገና ሊጽፉት ከፈለጉ አሁኑኑ ያሳውቁኝ የሚል ነው። ለእኔም በቃል ነገሩኝ። «አንብቢላቸውና መልሱን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ፖስታዋ ቀላል ነበረች፣ ግን መንገዱን ሁሉ እጄ ዛለ።

ድሬሰሩ የአንዲት ጎረቤት ሴት ጣት እየጠመጠሙ አገኘኋቸው። ሴትዮዋ እስክትወጣ ቆምኩ። ከዚያ ደብዳቤውን አላወጣሁም። አሮጌዋን ወረቀት አውጥቼ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። የእጅ ጽሑፍ እንደማልችል፣ ያን ቀን የነገርኳቸው ከገዛ ራሴ እንደሆነ፣ መስመሩ ይውጣ ማለት እንዳልሆነ። ሲቆጡ እጠብቃለሁ። ቢመቱኝም አልጠላም ነበር።

ዱካዋ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ታዲያ ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አሉ።

አነበብኩላቸው። አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ ግን በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያነበብኩት፣ እንዲያምኑኝ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛም አስደገሙኝ። ከዚያ ማንም ደራሲ የሚጠይቀኝን፣ እሳቸው ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ።

«ሁለት ጊዜ ተነሱ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። መስኮቱ ጋ ቆሙ። እኔ የተናደዱ መስሎኝ ነው» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀና ብለው የሚስታቸውን ፎቶ አዩት፣ በዚያ ዓይን ምን ያህል እንደሚታያቸው አላውቅም። «እኔም እኮ መልሼ አልጠየቅኩም» አሉ።

እንደገና ይንገሩኝ እኔ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ነበር፣ ያን ያህል ዕፍረተ ቢስ ነኝ። እሺ አሉ፣ ሞከሩ። እውነቴን ነው፣ ሞክረዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲህ ማለት ጀመሩ፦ «ሠላሳ ዘጠነኛ ቀን። ጠዋት። ቁስሉ በአራት ጣት ስፋት። በጨው ውሃ ታጠበ። ተጠመጠመ። ማታ። ታጠበ። ተጠመጠመ።» እኔ «ታጠበ» የሚለውን ጽፌ ቀና ስል እሳቸው ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ስደርስባቸው ደግሞ ያሰቡት ጠፍቷቸዋል። አንድ መስመር ለመጻፍ የሚወስድብኝ ጊዜ ለሰው ትዝታ አይሆንም። አርባኛው ቀን ላይ አቆሙ።

«ተይው። ስጽፈው ሌላ ነበር፣ አሁን ካርድ ሆነብኝ» አሉ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ማልቀስ አምሮኝ ነበር ግን እሳቸው ፊት ማልቀስ መብቴ አልመሰለኝም። የሚታጠፍ ፋሻ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አንስተው መጠቅለል ጀመሩ፣ እጃቸው ሳያዩት ነው የሚሠራው።

«ቢያውቁ ምን ያደርጉሻል?» አሉኝ።

«የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ ብዬ ነው ሥራውን የያዝኩት» አልኩ።

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት።»

ፋሻውን ጠቅልለው ጨረሱ፣ ጫፉን ሰኩት፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት። «ሂጂ ቤትሽ። መልሱን ነገ እልካለሁ» አሉኝ። በማን እንደሚልኩ አልጠየቅኩም። ነርሷ ትመጣለች ብዬ ገመትኩ። እኔ ግን ማታውን ነገ ጠዋት ለእትዬ ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ አደርኩ። እንዲህ ብዬ ቆርጬ ያደርኩት የመጀመሪያዬ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃውን እየወለወልኩ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ፣ ከታች የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ኳ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ሌላ ኳ። አጎንብሼ ሳይ ድሬሰሩ ናቸው። ኮት ለብሰዋል። የሸሚዛቸው እጅጌ እስከ አንጓቸው ወርዶ ተቆልፏል፤ እንዲያ አይቻቸው አላውቅም። ጥበቃው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል በእጃቸው መለሱት።

ሮጬ ወረድኩ። «ደረጃው እርጥብ ነው አባባ፣ ይጠብቁ» አልኳቸው።

«አድርቂዋ ታዲያ» አሉ፣ ሳይቆሙ።

ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደ ፈጀባቸው አላውቅም። በየወለሉ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፣ እኔም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ እቆማለሁ፣ ልይዛቸው ፈራሁ፣ ልተዋቸውም ፈራሁ። ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። እትዬ ሲያዩአቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። በሩን አልዘጉትም። እኔ መወልወያዬን ይዤ ከውጭ ቀረሁ።

እትዬ የመጡት ማን መሆናቸውን ሲሰሙ ወንበር አስጠጉላቸው፣ ውሃ ሰጧቸው፣ ከዚያ ቀስ ብለው «ለምን አወጡት?» አሏቸው።

ድሬሰሩ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። እኔ አሁን ነው፣ አሁን ነው እያልኩ በሩን ይዣለሁ። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ገብቼ እኔ ነኝ ለማለት።

«ወረቀትዎ በደንብ ተነቦልኛል» አሉ ድሬሰሩ። «ይቺ ልጅ አንብባልኛለች። አይንኩት እንዳሉኝ ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ ያልሆነልኝ። የእኔና የሚስቴ ጉዳይ ነው ብዬ አነሳሁት።»

«እንደገና ሊጽፉት አይችሉም?»

«አይሆንም። ተቃጥሏል።»

እትዬ አንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ ያው መግቢያው ላይ የታተመው መስመር ነው። ድሬሰሩ ሰምተው ፈረሙ። የቱ ጋ እንደሚፈርሙ እትዬ ጣታቸውን ይዘው አሳዩአቸው።

አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ። አልተራመድኩም።

ሲወጡ አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ፊቴን አላዩም፣ ደረጃውን ነው የሚያዩት።

«ደርቋል?» አሉኝ።

አልደረቀም ነበር። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ደረቅ ጨርቅ ይዤ፣ ከፊታቸው ከፊታቸው በጉልበቴ እየሄድኩ ደረጃውን አንድ በአንድ እያደረቅኩ እስከ ታች ድረስ ወረድኩ።